ያልቆጠርኩት ቅጠል

በ1970 ዓ.ም. የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። ቀበሌው "አብዮት ጥበቃ ግቢያችሁን ማየት አለበት፤ አጥራችሁን አሳሱ" ብሎ አዘዘ። ሲግናል ሰፈር ባለው የአጎቴ አጥር ላይ ሁለት ሐረግ ተጠላልፎ ነበር። አንዱ ሟች ባለቤታቸው ከእንጦጦ አምጥተው የተከሉት ጠምበለል ነው፤ ሲያብብ ሽታው መኝታ ቤት ድረስ ይገባል። ሌላው ራሱ የበቀለ፣ ጭማቂው ቆዳ የሚልጥ የአዞ ሐረግ ነው።

አጎቴ ታመው ተኝተዋል። "ለቀበሌዎቹ የአዞ ሐረጉን ቁረጥላቸው። አበባ ከሌለ ቅጠሉን ቁጠር፤ ሦስት ሦስት ሆኖ የወጣው ጠምበለል ነው፣ እንዳትነካው። አምስት አምስት የሆነውን ጣለው" አሉኝ። ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ሰልችቶኝ ነበር።

"ጋሼ፣ አሁን ቅጠል የሚቆጠርበት ጊዜ ነው?" አልኳቸው።

አጥሩ ጋ ስደርስ ጠመንጃ ያነገተው ጥበቃ "ቶሎ በል እንጂ፣ አበባ ልትሸጥ ነው?" ይለኛል። ፈራሁ። እጄ የገባውን ከሥሩ ቆረጥኩት። ሰውየው ሌላውን ሐረግ ልብ ሳይል ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣ።

"ቆጠርክ?" አሉኝ ስገባ።

"ቆጥሬያለሁ፣ ጋሼ።"

አመኑኝ። "እንግዲያው ሲያብብ መስኮቱን ክፈትልኝ" አሉ። አበባ ሲጠብቁ ሞቱ።

ቀብረናቸው በማግስቱ ማለዳ ከአጥሩ ሥር ቆሜ የቀረውን ሐረግ ቅጠል ቆጠርኩ። አምስት ነው።