አባቴ የማያውቀው አበባ

ቦሌ ሊሸኘኝ ከወሊሶ ድረስ የመጣው አባዬ፣ በዚያ ምሽት ከእኔ ይልቅ መንገዱ ዳር የተተከሉትን ዛፎች ነበር የሚያየው። ዕድሜውን ችግኝ ጣቢያ የጨረሰ ሰው ምን ያድርግ? «ውሃ አላጠጧቸውም» አለኝና አለቀሰ።

እሱ ወደ ወሊሶ ከተመለሰ በኋላ በረራው ለሦስት ቀን ተላለፈ። እኔ አክስቴ ቤት ቁጭ ብዬ «ደርሻለሁ» ብዬ አስነገርኩ፤ ዳግመኛ እንዳያለቅስ ብዬ እኮ ነው። አዲስ አበባ መሆኔ ግን በወሬ ደረሰው። በዚያ ላይ የጎረቤታችን ልጅ ዱባይ ነኝ እያለች ሁለት ዓመት ሐዋሳ ተቀምጣ ተገኝታለች። ከዚያ ወዲህ እውነቴን ደርሼ አሜሪካ ነኝ ብል ማን ይመነኝ? በቪዲዮ ብደውልም የሚታየው ፊቴና የክፍሌ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ደግሞ የትም አለ።

ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሻ ሰፈር በፓርኪንግ የሚሠሩት ጋሼ ተፈራ መከሩኝ። «ኢዚ ነው። ሆሊውድ ሳይን ጋ ድራይቭ አድርጊና ፒክቸር ተነሺ። ሶ፣ ማን ይጠራጠራል?»

ተራራው ላይ ከተተከለው ትልቅ የሆሊውድ ጽሑፍ ፊት ቆሜ ተነሳሁ። አባዬ አየውና ሳቀ። «ይሄማ የፎቶ ቤት መጋረጃ ነው። እኔም በጎረምሳነቴ አውሮፕላን ፊት ቆሜ ተነስቻለሁ። ሰው ይዋሻል፣ ዛፍ አይዋሽም። የአገሩን ዛፍ አሳዪኝ።»

ዘንባባ ላክሁ። «ሐዋሳ ነሽ» አለ። ባሕር ዛፍ ላክሁ፤ እሱንም ናቀው። ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የመሰለውን ቀይ አበባ ብልክለት «የማዘጋጃ ቤቱ አጥር ነው» አለ። የግራቪሊያ ዛፍ ስልክለት ግን ተቆጣ። «ይሄን እኔ ነኝ ያፈላሁት! አታሹፊብኝ!» ውቅያኖስ ተሻግሬ ወሊሶ የገባሁ መሰለኝ፤ እኔም ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ።

ቀን ቀን ፒኮ ሮበርትሰን የሚባል ሰፈር ሄጄ ሚስተር ኮሊን የሚባሉ አውስትራሊያዊ ሽማግሌ አስታምማለሁ። በአገራቸው ጫካ ወፍና አውሬ፣ አበባም ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ግድግዳው ሁሉ ወፍ ነው። አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ካሜራውን እኔ እይዛለሁ፣ እሳቸው ያዛሉ።

«እዚህ አገር የሞላው የኛ አገር ዛፍ ነው» ብዬ ነገርኳቸው።

«የእናንተ? የኛ ነው እንጂ!»

ሁለታችንም በሰው አገር ቁጭ ብለን በዛፍ ተጣላን። በመጨረሻ አንድ ፎቶ ከግድግዳ አስወረዱኝ፤ ቀለሙ ብዙ የሆነ በቀቀን ከግራቪሊያ አበባ ላይ ተዘቅዝቆ ማሩን ይልሳል። የተነሳው በአገራቸው ነው። ግራቪሊያውም፣ ባሕር ዛፉም፣ ቀዩ አበባም ከዚያው ነው የመጡት አሉኝ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የእኚህን ሰውዬ አገር ሲተክል ነው የኖረው ማለት ነው? ይሄ ለእሱ እንዴት ይነገራል?

አባዬ አላምንሽም እንዳለኝ ስነግራቸው «አባትሽ የማያውቀውን እንፈልጋለን» አሉ። ዊልቸራቸውን ገፍቼ ወጣን። ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ከአንድ ግቢ ፊት፣ ረጅም አገዳ ጫፍ ላይ ጸጉራም ቀይ ጣቶች የዘረጋ አበባ አገኘን። «የካንጋሮ መዳፍ!» ብለው ጮኹ፤ እሱም የአገራቸው ኖሯል። እኔ እጄን ሰብስቤ፣ እንደ መታወቂያ ፎቶ ቀጥ ብዬ አጠገቡ ቆምኩ።

«ዞር በይ፤ አበባው ነው የሚነሳው!»

«እኔ ከሌለሁበት ማን ያምነኛል?»

አጉረምርመው ካሜራውን ተቀበሉኝና በሚንቀጠቀጥ እጃቸው አነሱን። ትንሽ ቢደበዝዝም ላክሁት።

በማግስቱ አባዬ ራሱ ደወለ። «ይሄን አላውቀውም» አለ፣ ቀስ ብሎ። «የት ነው የሚበቅለው?»

መዋሸት ሰልችቶኛል። «አገሩስ አውስትራሊያ ነው።»

«አውስትራሊያ ነሽ እንዴ?»

«ኧረ አባዬ፣ አሜሪካ ነኝ! አበባው ነው ከዚያ የመጣ።»

«ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው።»

 

«እኔ እኮ አዲስ አበባ ተደብቀሽ ነው ብዬ ነበር» አለ። «ለፋሲካ አያስችላትም፣ ትመጣለች እያልኩ አልጋሽን እንዳታነሳ እህትሽን ከልክያት ነበር።»

«አሁንስ አመንከኝ?»

«አመንኩሽ፣ ልጄ።»

ይህችን ቃል ለመስማት ስንት ወር ደከምኩ። ስሰማት ግን «የለም፣ ውሸቴን ነው፣ እዚሁ ነኝ» ልለው አፌ ድረስ መጣ።