ወንዙ ሐይቅ የሚሆንበት ቦታ

ደመቀች በከተማው የውሃ ላብራቶሪ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ናሙና የምትቀዳው ከአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከግድቡ ግንብ ሥር፣ ቧንቧው ውሃ ከሚስብበት። እዚያ ውሃው ሁልጊዜ ደህና ነው። በአርባ ዓመቷ ለሁለተኛ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ግን ግንቡን ትታ የግድቡን መሃል ለጥናት መረጠች።

«ለምን መሃሉን?» አላት አማካሪዋ።

«ወንዙ ሲገባ ድፍርስ ነው፤ ብርሃን አያስገባም። ግንቡ ጋ ሲደርስ ጠርቷል፤ ከማሳ ጠርጎ ያመጣው ማዳበሪያም አብዛኛው አልቋል። መሃል ላይ፣ ወንዝነቱን ጨርሶ ሐይቅነቱን ባልጀመረበት፣ ብርሃኑም ምግቡም አለ። ክፉ ነገር ከበቀለ የሚበቅለው እዚያ ነው።»

ግድቡ ከጫጫ ወጣ ብሎ ነው። በየአስራ አምስት ቀኑ በጀልባ ይዟት የሚገባው ሰላሀዲን ነበር። ሰላሀዲን ከወለጋ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ይኖራል። አገሩ ሳለ ገበሬ ነበር፤ እዚህ መሬት ስለሌለው ዓሣ ያጠምዳል።

መስከረም መጨረሻ ላይ መሃሉ አረንጓዴ መልክ ያዘ። ሰላሀዲን እጁን ነክሮ አወጣና፣ «እህቴ፣ ይሄ ነገር ደግ አይመስለኝም» አላት። ደመቀች በማስታወሻዋ ጻፈችው፤ ጠርሙሶቿን ሞልታ ሄደች።

ከአስር ቀን በኋላ የአቶ ገብረ ጻድቅ አራት በጎች ውሃው ዳር ሞተው ተገኙ። አቶ ገብረ ጻድቅ በአካባቢው የሚከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ደመቀች ወሬውን ሰምታ ስትደርስ ሰዎች ሰላሀዲንን ከበው፣ መረቡን ነጥቀውታል። ዓሣ ለማደንዘዝ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ ጨምሯል ነው የሚሉት። ሰላሀዲን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እጆቹን ያያል።

«ብርብራ ቢሆን መጀመሪያ የሚንሳፈፈው ዓሣው አይደለም እንዴ?» አለች ደመቀች። «አንድ የሞተ ዓሣ ያየ አለ?»

ያየ አልነበረም።

«ታዲያ በጎቼን ምን ፈጃቸው?» አሉ አቶ ገብረ ጻድቅ።

ነፋስ ወደ ዳር የገፋውን፣ እንደ ቀለም የወፈረውን ውሃ በጠርሙስ ቀዳች። «አባባ፣ ከእኔ ጋር ይምጡና በዓይንዎ ይዩት።»

ላብራቶሪ ውስጥ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ።

«እንደ መቁጠሪያ ተሰክቷል» አሉ። «ነፍስ አለው?»

«አለው። ውሃ ውስጥ የሚበቅል ደቃቅ ሕይወት ነው፤ አንዳንዱ መርዝ ያወጣል። በጎቹን የገደለው ይሄ ነው ብዬ አልምልም፤ መርዙን የሚለካ መሣሪያ የለንም። እኔ ብሆን ግን ከብቴን ከዚያ አላጠጣም።»

«ምን በልቶ በዛ?»

«ክረምት ከማሳ የሚታጠበውን ማዳበሪያ።»

ሽማግሌው ከማይክሮስኮፑ ቀና አሉ። «የኔም ማሳ አለበታ» አሉ።

በማግስቱ መረቡን ራሳቸው ይዘው ሄዱ። «በድለንሃል፣ ይቅር በለን» አሉት። ሰላሀዲን «አላህ ሁላችንንም ይቅር ይበለን» ብሎ ተቀበላቸው፤ ቢሆንም ሳምንት ሙሉ ውሃ ላይ አልወጣም። ከብቶቹም ወደ ላይ፣ ወንዙ ከሚፈስበት መጠጣት ጀመሩ።

ሰው ሁሉ ደመቀችን አመሰገነ። ምስጋናው ግን አልዋጥልሽ አላት። ዳግመኛ ጀልባው ላይ ሲገናኙ፣ «አንተ እኮ አስቀድመህ ነግረኸኝ ነበር» አለችው።

«እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል ብዬ ነው ላንቺ የነገርኩሽ» አላት ሰላሀዲን።

ከዚያ ወዲህ ውሃው መልኩን ሲለውጥ ካየች፣ ወደ ላብራቶሪ ከመመለሷ በፊት ከብት የሚያጠጡትን ሰዎች ፈልጋ ትነግራለች። ይህንንም በጥናቷ ውስጥ ጻፈችው። አማካሪዋ «ይሄ ሳይንስ አይደለም» ብሎ ሰረዘው፤ እሷ ግን ለሰዎቹ መንገሯን አልተወችም።

ዘንድሮም ጥቅምት ላይ አረንጓዴው ተመለሰ። በግ አልሞተም። አቶ ገብረ ጻድቅ ከወንዙ ዳር አምስት እርምጃ ያህል ሳያርሱ፣ የሚታጠበውን ማዳበሪያ እንዲይዝ ለሣር ትተዋል። ጎረቤቶቻቸው ገና እያሰቡበት ነው።