ባለ ብረቱና ሦስቱ ፒካፖች

ሰፈሩ «ባለ ብረቱ» ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁ አሉ፤ ግን ማን ይጠራበታል? ፔዳል ስቲል ጊታር ተጫዋች ነው። ላላየው ሰው፣ እንደ ጠረጴዛ በእግሮቹ የሚቆም ጊታር ነው። ከኋላው ተቀምጠው በግራ እጅ ክሮቹ ላይ ብረት እያንሸራተቱ፣ በእግር ፔዳል እየረገጡ፣ በጉልበት እየገፉ ይጫወቱታል። ከሩቅ ላየው ልብስ የሚሰፋ ይመስላል። የግድግዳ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ መሆኗ ደግሞ ለሰፈሩ ወሬኞች ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። «ሁለቱም ሲረግጡ ይውላሉ፤ ልዩነቱ ከእሷ ቤት ቀሚስ ይወጣል፣ ከእሱ ቤት ለቅሶ» ይላሉ።

ለቅሶውስ ልክ ነው፤ መሣሪያው ያለቅሳል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ድምፅ ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው። ባለ ብረቱ ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ሳይታጠብ ክሮቹን ይቃኛል። ከዚያ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና፣ ያለ ሰላምታ ያደረ አፉን ዘግቶ በብረቱ ያወራል።

ያለችው አንዲት ነገር የቅዳሜ ባንዱ ናት። አዳራሽ ውስጥ ለሠርግ ይጫወታሉ። ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ የባንዱ መሪ፣ በዕድሜ ልጁ የሚሆነው የኪቦርድ ተጫዋች፣ ማጅራቱን እያከከ መጣ።

«ጋሼ፣ ድምፁ ትንሽ... ያው... አልተመቸም እኮ።»

«የቱ ላይ?»

«አይ፣ እርስዎ ያውቁታል መቼም። ለሚመጣው ቅዳሜ ካልተስተካከለ፣ የእርስዎን ቦታ በኪቦርድ እሸፍነዋለሁ። እርስዎም ትንሽ እንዲያርፉ ብለን ነው።»

«እንዲያርፉ» የምትለዋን ባለ ብረቱ አልወደዳትም። ሰው ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ቀብር ላይ ተጫውቷል። ደግሞም ምኑ እንዳልተመቸ የነገረው የለም። ትልቅ ሰው ነዋ! ትልቅ ሰው ፊት እውነት ተሸፋፍና ነው የምትመጣው፤ እሱ ደግሞ ሽፋኑን ገልጦ አላየም። በራሱ ፈረደ፦ «ድምፄ ደንዝዟል።» እውነትም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጊታሩ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይናገርበት ነበር።

ጥፋቱን ፒካፑ ላይ ጣለው። ፒካፕ ከክሮቹ ሥር የሚቀመጥ፣ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው፤ የክሩን ንዝረት ተቀብሎ ወደ ማጉያው የሚልከው እሱ ነው። የተቃጠለ ሞተር ሽቦ የሚጠመጥም ወዳጅ ስላለው ወደ እሱ ሄደ።

«ማግኔቱ አርጅቷል» አለው።

«ማግኔት እንደኛ አያረጅም፣ ወንድሜ» አለ ወዳጁ ሽቦውን እያየ። «ፀጉሩም አይሸብት።»

«አንተ ዝም ብለህ ጠምጥምልኝ። ሽቦውን ቀንስ፤ ሽቦ ሲያንስ ድምፁ ይሳላል።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ፒካፕ ተሰለፈ። አሮጌው፣ ከጊታሩ ጋር የኖረው፣ አንድ ጥቅል ያለው። ሁለተኛው ከአንድ ጡረተኛ ጊታሪስት የተዋሰው፣ ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን የተኛበት ወፍራም። ሦስተኛው ወዳጁ የጠመጠመው ቀጭኑ።

ሳምንቱን በሙሉ እነሱን ሲያወዳድር ከረመ። ክሩን ያላላል፣ ብሎኑን ይፈታል፣ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ያስገባል፣ እንደገና ይቃኛል። ጆሮ ቶሎ ስለሚረሳ ሁሌ ያንኑ ዜማ ይጫወታል፤ ማጉያውንም ከቦታው አያነቃንቅም። አሮጌው እንደ ልማዱ ያልጎመጉም ነበር፤ ከሥሩም የንብ ቀፎ ያለበት ይመስል ያንጎራጉራል። ወፍራሙ ንቡን አባረረ፤ ግን ለባለ ብረቱ ዘፋኝን ብርድ ልብስ አልብሶ ማዘፈን ሆነበት። ቀጭኑ ሲገባ ብቻ የክሩን ጫፍ ትንሽ ሰማት። «እሰይ! ትንሽ ደግሞ ላሹላት» ብሎ የማጉያውን የቀጭን ድምፅ ቁልፍ እስከ ጥግ አዞረው።

ያን ጊዜ ግድግዳው ተደበደበ። ቀጥሎ በሩ። ልብስ ሰፊዋ አንገቷ ላይ ሜትሯን እንዳንጠለጠለች ቆማለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ መጋዝ ነው የሚስሉት?»

«ምን ይላሉ፣ እትዬ! ገና አሁን ድምፅ ሆነ እንጂ።»

«ድምፅ? ጥርሴ ሊወልቅ ነው እኮ! የትናንቱን ምነው ተዉት? እሱን ስሰማ እጄ ላይ ያለውን እጅጌ ትቼ ተቀመጥሁ።»

«ያ ብርድ ልብሱ?»

«ብርድ ልብስ ይሁን ጋቢ አላውቅም። እሱ ነው የሰው ድምፅ።» ከዚያ ልትሄድ ስትል መለስ አለች። «ይልቅ ዘይት ካለዎት የስፌት መኪናዬ ላይ ጠብ ያድርጉልኝ፤ ሲጢጥ እያለች አሳበደችኝ።»

ዘይቱን ይዞ ሄደ። መኪናዋን ረገጠችለት።

«ይኸው።»

«ምኑ?»

«ሲጢጥታው ነዋ።»

«ደህና ናት እኮ።»

ፈጥና ረገጠች። ቀና ብላ አየችው። አሁንም ረገጠች፤ ዓይኗን ከፊቱ ሳታነሳ። ባለ ብረቱ መንኮራኩሩ ሲዞር፣ መርፌው ሲወጣ ሲገባ ያያል፤ ጠክ ጠክታውንም ይሰማል። ሌላ ነገር የለም። እሷ ግን ፊቷን አጨማድዳለች።

እግሯን ከመርገጫው አነሳች።

«እትዬ፣» አለ በመጨረሻ ቀስ ብሎ፣ «ባንዱ ውስጥም... ሳይሰማኝ እንዲሁ ነው የምጮኸው?»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ጣቷ ላይ ጠቀለለች። «የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ የፊተኛው ጠረጴዛ ሰዎች ሳህናቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ።»

«ምግብ ሊጨምሩ መስሎኝ!»

«እኔም እንዲያ ቢሆን ደስ ባለኝ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው። አዳራሹ ያውቃል፣ ሰፈሩ ያውቃል፣ የሰፈሩ ድመት ሳትቀር አውቃ ሸሽታለች።

«ታዲያ ሰው እንዴት አይነግረኝም?»

«ማን ይድፈር? ይነግሩዎት የነበሩት እሳቸው ነበሩ።»

እሳቸው ያለቻት ሚስቱን ነው። ሚስቱ በየሠርጉ ከበሩ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። ድምፁ ከሾለ ሻሿን ወደ ጆሮዋ ትስባለች፤ እሱም ቁልፉን ይቀንሳል። ለዓመታት በጆሮው የሚቃኝ ይመስለው ነበር።

በማግስቱ ወፍራሙን ፒካፕ አሰረ። ልብስ ሰፊዋን ማጉያው ፊት አስቀምጦ እሱ ተጫወተ፤ እሷ ቁልፉን አዞረች፣ መለሰች፣ «እዚህ ጋ» አለች። ባለ ብረቱ ከኪሷ ያወጣችውን ጠመኔ ተቀብሎ ቦታውን አሰመረበት። ለእሱ እዚያ ጋ ምንም አልነበረም፤ በዝግ በር በኩል የሚሰማ የሌላ ሰው ቤት ዘፈን ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞልቷል። የእሱ ተራ ሲደርስ ብረቱን አሳረፈ፣ ፔዳሉን ረገጠ። ለእሱ ድምፁ ታፍኖ ወጣ። ቀኝ እጁ ሁለት ጊዜ ወደ ቁልፉ ሄደች፤ ሁለት ጊዜ መለሳት። ጆሮው የከለከለውን ጉልበቱ ያውቀው ስለነበር በጉልበቱ ተጫወተ፤ የት እንደሚያነሳ፣ የት እንደሚለቅ፣ የክሩ ጫፍ የት መድረስ እንዳለባት በልምድ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰዎች መጉረሳቸውን ትተው ሲያዩት አየ። አንዲት አሮጊት ዓይኗን በመሀረብ ጠረገች። የሚያስለቅሳትን ነገር እሱ ሊሰማው ፈልጎ አንገቱን ወደ ማጉያው አዘነበለ፤ አላገኘውም።

ሲጨርሱ የባንዱ መሪ ሮጦ መጣ።

«ጋሼ! ዛሬ ምን ጉድ ነው? እንኳን በኪቦርድ ልተካዎት፣ እኔም ኪቦርዴን ትቼ ሳዳምጥ ነበር! የሚመጣው ቅዳሜ እንዳይቀሩ ብቻ።»

«አምሮ ነበር?»

«እንዴ! ራስዎ አልሰሙትም?»

ባለ ብረቱ ብረቱን በጨርቅ ወለወለ።

«ሰማሁ እንጂ» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጊታሩን እግሮች አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ።