ወለሉና ምስማሩ

ታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ሲያጸዳ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። ወለሉ ጣውላ ነው። በየማለዳው በእርጥብ ጨርቅ ይወለውለዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ተንበርክኮ በእጁ ሰም ይቀባዋል። በመዳፉ ካልዳበሰው የሠራ አይመስለውም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ «ምነው እኔም ጣውላ ሆኜ በተፈጠርኩ» ትለው ነበር።

ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ አዳራሹ ለልጆች የጠፈር ካምፕ ተሰጠ። ሠላሳ ልጆች ጠዋት መጥተው ማታ ይሄዳሉ። ከካርቶን ሮኬት፣ ከብርማ ወረቀት ቆብ ይሠራሉ። ወንድሜ ወለሉ ላይ ወድቆ ያገኘውን ሁሉ እየለቀመ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ይቆልፍበታል፤ ኳስ ቢሉ፣ ቆብ ቢሉ፣ የማርስ ጨረቃ የተባለች ድንች እንኳ አልቀረችውም። ልጆቹም «ጥቁር ጉድጓድ» አሉት። ሰማይ ላይ የገባበት ነገር የማይወጣ እንዲህ ያለ ጉድጓድ አለ አሉ።

አስተማሪያቸው ቀጭን፣ ፈጣን፣ ፊቷ የማይፈታ ወጣት ናት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከወንድሜ ጋር እሳትና ጭድ ሆኑ።

«አባት፣ ጫማ አውልቁ እያሉ ልጆቹን አያሸማቅቁብኝ!»

«ጠፈር የሚሄድ ሰው በካልሲ ቢሄድ ምን ይጎድልበታል?»

ሁለት ጊዜ ከሰሰችው። ርዕሰ መምህሩ ጠርተው፣ «ሦስተኛ ክስ ከመጣ የአዳራሹን ቁልፍ አስረክበህ የግቢው በር ላይ ዘበኛ ትሆናለህ» አሉት። ያን ቀን የወሰድኩለትን ምሳ ሳይነካው መለሰው።

ለመዝጊያው ቀን ልጆቹ የፕላኔቶቹን መንገድ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣሉ። አስተማሪዋ መሃሉ ላይ፣ ፀሐይ ባሉት ቦታ፣ ምስማር መትታ፣ ቋጠሮ ያለው ሲባጎ አስራ ነበር ስምንቱን ክብ ያዞረችላቸው። ለክቶ መሃሉን ማግኘት ብቻ ሦስት ቀን ፈጀ፤ አንድ ስንዝር ቢዛነፍ ትልቁ ክብ ከግድግዳው ይጋጫል። «እንዳይወለወል» የሚል ወረቀትም በሩ ላይ ለጠፈች። ወንድሜ አላየሁትም ይላል። እኔ አውቀዋለሁ፤ አይቶታል። በማለዳ ገብቶ ምስማሩን ሲያይ ደሙ ፈላ። ነቅሎ ኪሱ ከተተው፣ ቀዳዳውን በሰም ደፈነ፣ ጠመኔውንም ጠራርጎ አጠፋው።

ልጆቹ ሜዳ ላይ ሲለማመዱ አርፍደው ወደ አዳራሹ የገቡት እኔ ምሳውን ይዤ ስደርስ ነው። ወላጆች ሊመጡ ሁለት ሰዓት ቀርቷል።

«ሆን ብለው ነው!» አለች አስተማሪዋ። የታጠፈ ወረቀት አውጥታ አሳየችው። «ይኸው ሦስተኛው!»

«ለርዕሰ መምህሩ ስጪያቸው። እኔም ጣውላዬን ማን እንደወጋው እናገራለሁ።»

«የታል ቀዳዳው? እስቲ ያሳዩኝ!»

መሃሉን መልሰው ለማግኘት እሷም ልጆቹም ተንበርክከው ቀዳዳውን ፈለጉት፤ አልተገኘም። አንዲት ትንሽ ልጅ «ፀሐይ ጠፋች» ብላ አለቀሰች።

እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ሳህኑን አስቀምጬ በጆሮው፣ «ቁልፉን ልትሰጥ ነው?» አልኩት።

«እታለም፣ አንቺ አትግቢበት» አለኝ። ከዚያ ግን ጫማውን አወለቀ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጉልበቱ እየሄደ ጣውላውን ዳበሰ፤ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እዚህ ጋ ነው።»

አስተማሪዋ መዶሻ ይዛ መጣች።

«ወዲያ በይልኝ! ሁለተኛ አትወጊውም!»

ሲባጎውን አውራ ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ቀዳዳው ላይ ተጫነው። ልጆቹ በዙሪያው ክቡን ሲያዞሩ እሱ እያንዳንዱን በሚሥለው ፕላኔት ስም እየጠራ ይሳደባል። «አንተ ሳተርን፣ እግርህን አንሣ! ጁፒተር፣ ጠመኔውን አታድቅቂው!» ሲጨርሱ ጣቱ ጠቁሮ ነበር። አስተማሪዋ አላመሰገነችውም፤ እሱም አልጠበቀም።

ወላጆች አጨብጭበው ሲወጡ አስተማሪዋ ወረቀቱን ከቦርሳዋ ብቅ አደረገችው።

«አልሰጠሁም። አልቀደድኩትምም። ከርሞ እመለሳለሁ።»

ወንድሜ ምስማሩን ከኪሱ አወጣ።

«እኔም አልጣልኩትም።»

ወዲያው ባልዲውን አምጥቶ ከፀሐይ ጀምሮ መወልወል ያዘ። ያቺ ስታለቅስ የነበረችው ልጅ በሩ ላይ ቆማ፣ «የማርስ ጨረቃዬስ?» አለችው።

«ጥቁር ጉድጓድ የዋጠውን አይመልስም ብላችሁ የለ?» አላት፣ ቀና ሳይል።