ሳልቀምስ የሠራሁት ወጥ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ፋሲካ ነው። ለሰው ስነግረው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ብቻዬን ሆኜ ሳስበው ግን አንጀቴን ይበላኛል። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ጅማ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ነው፤ እዚሁ አግብቼ እዚሁ ቀረሁ። ልጅ አልወለድንም። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ትልቁን ቤት ለቅቄ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየሁ። ግቢው ውስጥ ያለነው እኔና እማማ ረውዳ ብቻ ነን። የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነው። እሳቸውም ባላቸው ሞተውባቸዋል። አንድ ልጃቸው አጋሮ ቡና ይነግዳል፤ በዓል ሲሆን ይደውላል።

አራት ዓመት አብረን ስንኖር ከ“እንደምን አደሩ” አላለፍንም። ጥፋቱ የኔ ነው። ሐዘን ላይ ሳለሁ ሰው ሁሉ “አይዞሽ” ሲለኝ ታከተኝና በሬን መዝጋት ለመድኩ። ተማሪዎቼ ኮስታራዋ እንደሚሉኝም አውቃለሁ።

ባለፈው ዓመት የእነሱ ኢድ እኛ ሁዳዴ ላይ ሳለን ዋለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ብከፍተው እማማ ረውዳ ሳህን ይዘው ቆመዋል። የምስር ሳምቡሳና በዘይት የተሠራ ሩዝ ነው።

“ቅዳሴሽ እስኪወጣ ነው የጠበቅኩት ቲቸር” አሉኝ። “ድስቱ አዲስ ነው፣ ወላሂ ቅቤ አልነካውም። ብይ ማሎ፣ እባክሽ።”

ልጃቸው አልመጣም ነበር። እንግዳ በሌለበት ኢድ ለኔ ጾም ብለው ድስት ገዝተዋል! እኔ ግን አመስግኜ ሳህኑን ተቀበልኩና በሩን ዘጋሁ። “ይግቡ” እንኳ አላልኳቸውም። እያለቀስኩ በላሁት።

ከዚያ ወዲህ በፋሲካ እኚህን ሴት ከማዕዴ አስቀምጬ ማብላት አለብኝ አልኩ። ሁለታችንም ብቻችንን መዋል የለብንም።

ችግሩ ሥጋው ነው። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። ሰው የሞላበት ቤት ሁለት ይታረድና ነገሩ ያልቃል። እኔ ደሞዜ የሚችለው አንድ ዶሮ ነው። ስለዚህ ዶሮዋ በሙስሊም እጅ ትታረድ፣ እኔ እንቁላል ጠብሼ እፈስካለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ሰሞነ ሕማማት ላይ ቧንቧው ጋ ተገናኘን።

“ለፋሲካ ምን ታርጃለሽ?” አሉኝ።

ድንገት ላስደስታቸው ስለፈለግኩ ደበቅኳቸው። “ለአንድ ሰው ምን ይታረዳል እማማ? እንቁላሌን ጠብሼ እውላለሁ።”

“ኧረ አላህን ፍሪ! ሃምሳ አምስት ቀን ጾመሽ?” አሉና ጄሪካናቸውን አንስተው ሄዱ። የተቆጡኝ መሰለኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዶሮዬንና ቢላዬን ይዤ የግቢው በር ላይ ቆምኩ። ይቺን መቆም ወንድ የሌለበት ቤት ያለች ሴት ታውቃታለች። እባክህ እረድልኝ ብላ የምትለምነው አላፊ አግዳሚ መጠበቅ! ይህን ስለምጠላ ሦስት ፋሲካ ዶሮ ሳላሳርድ አልፌአለሁ። ያን ቀን ግን ቆምኩ። ነጠላ የለበሱ ሁለት ሰዎች አለፉ፤ “እንረድልሽ?” ሲሉኝ እምቢ አልኩ። በመጨረሻ አንድ ጎልማሳ ባለ ባጃጅ አስቆምኩ።

“ሙስሊም ነህ?” አልኩት።

“አልሐምዱሊላህ። ግን እትዬ፣ እርስዎ አንገትዎ ላይ ማተብ አለ።”

“ለእንግዳዬ ነው።”

ትንሽ አየኝና ከባጃጁ ወረደ። ቢስሚላህ ብሎ አረደልኝ።

እኔም አዲስ ድስት ገዝቼ ነበር። ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ በርበሬውን አብስዬ፣ ሁሉን አሟልቼ ጨው ላይ ስደርስ ተያዝኩ። ለካ መቅመስ አልችልም! ጾሙ ገና ነው፤ ቢፈታም ሥጋው ለኔ አይሆንም። በግምት ጨመርኩ። ትንሽ ቆይቼ ያነሰ መሰለኝና ደገምኩ። በግድግዳው ማዶም ሽንኩርት ሲቁላላ ይሸተኛል። የፋሲካ ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ሽንኩርት ስለሚሸት ምንም አልጠረጠርኩም።

እሑድ ጠዋት ድስቴን ታቅፌ ወጣሁ። ገና ሳላንኳኳ የእማማ ረውዳ በር ተከፈተ። እሳቸውም ድስት ታቅፈዋል። ተያየን።

“እንኳን አደረሰሽ” አሉኝ። “ከዚህ ሁሉ ጾም በኋላ እንቁላል ምን ይሆናል? አትፍሪ፣ ያረደው የናንተ ሰው ነው። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሽማግሌ ለምኜ ነው። በስመ አብ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።”

ድስቴን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። “እማማ፣ ይሄም እኮ በቢስሚላህ ነው የታረደው።”

“ለማን?”

“ለእርስዎ ነዋ!”

ድስታቸውን አዩ፣ ድስቴን አዩ። “ያ ረቢ! ታዲያ አንቺ ምን ልትበዪ ነበር?”

“እርስዎስ?”

መቃኑን ይዘው ሳቁ። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቤ ሳቅኩ። ቤታቸው ገባን። አራት ዓመት ጎረቤት ሆነን ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። ድስት ተለዋውጠን አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በየሳህናችን፣ እኔ የእሳቸውን እሳቸው የኔን መብላት ጀመርን።

የእሳቸው ወጥ ጨው የሚባል አልነካውም። እሳቸውም ሳይቀምሱ ነዋ የሠሩት! “ይጣፍጣል” እያልኩ እጄን ቀስ ብዬ ወደ ጨው ስሰድ ያዙኝ። እሳቸው ደግሞ የኔን አንዴ ጎረሱና ውሃ ፈለጉ።

“ቲቸር፣ ማሎ፣ አፋር ድረስ ሄደሽ ነው ጨው ያመጣሽው?”

ክፍል ውስጥ ስለ ስጦታ የሚተርክ አንድ አጭር ልብ ወለድ አስተምራለሁ። ባልና ሚስት ተደባብቀው፣ አንዱ ለሌላው ስጦታ ለመግዛት ያላቸውን ይሸጣሉ፣ ስጦታው ግን በዚያው በሸጡት የተነሳ ሳይጠቅም ይቀራል። ምጸትን የማስረዳው በእሱ ነው። “የጠበቅነውና የሆነው ሲለያይ” ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፍና ፈተና ላይ ይመጣል ብዬ አስፈራራለሁ። ይህንኑ ለእማማ ረውዳ እንደ አዋቂ ተረክኩላቸው። ጨርሼ አድናቆት ስጠብቅ፣

“ሰዎቹ ግን አይነጋገሩም እንዴ?” አሉኝ።

ይሄን ያህል ዓመት ሳስተምር ያላሰብኩት ነገር ነው።

ልወጣ ስል ግቢው ጭር ማለቱ ታወቀኝ። እማማ ረውዳ እንቁላል የምትጥል አንዲት ቀይ ዶሮ ነበረቻቸው። ሁልጊዜ ደጃፋቸው ላይ ነው የምትውለው።

“ቀይዋስ የት ሄደች?” አልኳቸው።

ወደ በላሁበት ሳህን አዩ።

“ምን ነካዎት እማማ! ነገ ሌላ እገዛልዎታለሁ።”

“ተይ፣ አልፈልግም” አሉኝ። “የማወራው ሰው ባጣ እኮ ነው ያኖርኳት።”

አሁን እሑድ እሑድ አብረን እንበላለን። ደስ ይለኛል፣ ግን እፍረቱ አልለቀቀኝም። ምክንያቱም እማማ ረውዳ ለዶሮዋ ሲያወሩ በግድግዳው በኩል እሰማቸው ነበር። ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስላልደወለው ልጃቸው። እንዲያውም አንድ ቀን ፈተና ሳርም ረበሹኝ ብዬ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። ወዲያው ዝም አሉ። እስካሁን አላነሱብኝም፣ እኔም ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን አልፈታሁም።

የቤታቸው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። ከልጃቸው ጋር በስልክ የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው፣ ሲጸልዩም ሲቆጡም እንደዚያው። ለዶሮዋ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በአማርኛ ነበር የሚያወሩት።