የጃፓን ትግልና የጓደኛዬ ትከሻ

ቁጡ ነኝ። ሰው ስለ ጠባዬ የሚያወራውን አልክድም፤ ይኼን ስጽፍ እንኳ በራሴ እየተናደድኩ ነው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ አሜሪካ፣ አሌክሳንድርያ ከተማ አንድ ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን አጥብ ነበር። እዚያ የሚሠራ አንድ ጃፓናዊ ወጥ ቤት ነበረ፤ ወንድሙ ካገሩ የሬስሊንግ ትግል ቪዲዮ ካሴት በፖስታ ይልክለታል። እሱ አይቶ ሲጨርስ ለእኔ ያውሰኛል። እሑድ እሑድ ከቸርች መልስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርትመንታችን ውስጥ ሦስት ሆነን ቲቪው ፊት እንገተር ነበር። አንዱ ታክሲ ነጂ ጎረቤታችን ነው። ሌላው አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ነው፤ ሄርንደን አጠገብ ካለው ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል። አገር ቤት በቀይ ሽብር ጊዜ ታስሮ የወጣ ሰው ነው። ስለ እስሩ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም።

ጃፓኖቹ እንደ አሜሪካኖቹ አይደሉም። የአሜሪካው ወሬ ይበዛዋል፤ እነዚህ ዝም ብለው ይደባደባሉ። በመዳፋቸው ጠርዝ ደረት ሲመቱ፣ ሥጋ ቤት መጥረቢያ ሲያርፍ የሚሰማውን ድምፅ ነው የሚያሰሙት። ደረቱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሰውየው ግን "ድገመኝ" ብሎ ደረቱን ይሰጠዋል። ሕዝቡ ደግሞ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ይመስል በጸጥታ ያያል። ታክሲ ነጂው አንዲት የጃፓን ቃል ሳያውቅ የተንታኙን ንግግር ይተረጉምልናል። "'ይኼ ልጅ እናት የለውም ወይ?' እያለ ነው" ይለናል። በሳቅ እንፈርሳለን።

አስተያየታችን ግን ገጥሞ አያውቅም። ታክሲ ነጂው ምንጊዜም ከሚያሸንፈው ጋር ነው። ጓደኛዬ ከሚደበደበው ጋር ነው። እኔ ከማንም አይደለሁም፤ ሁሉም ውሸት ነው ባይ ነኝ። ደሙ በምላጭ የመጣ ነው፣ አወዳደቁ ልምምድ ነው፣ ዳኛው ተነግሮት የገባ ነው እላለሁ። "ታዲያ ውሸት ከሆነ ምን ጎልቶህ ታያለህ?" ይለኛል ታክሲ ነጂው። እኔ እንጃ፤ ለመከራከር ሳይሆን አይቀርም።

የዚያን እሑድ ካሴት አልረሳውም። አንድ ግዙፍ ጎልማሳ፣ የአንዱን ቀጭን ወጣት ግንባር በወንበር ሰነጠቀው። ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ በደረቱ አስተኝቶ ክንዱን ወደ ኋላ ጠመዘዘው። ዳኛው ጎንበስ ብሎ "ጊቭ አፕ?" ይለዋል፤ እጅ ሰጠህ ወይ ማለቱ ነው። ከካሴቱ ሁሉ የገባን ቃል እሱ ብቻ ነው። ወጣቱ "ኖ" ይላል። እንደገና ይጠመዘዛል። "ጊቭ አፕ?" "ኖ።" የመድረኩ ነጭ ሸራ በደም ጨቀየ። በመጨረሻ ዳኛው ራሱ አስቆመው፤ ለጎልማሳውም ፈረደለት።

"በደሉት" አለ ጓደኛዬ። "ልጁ እጅ አልሰጠም።"

"ቲያትር ነው እኮ" አልኩት። "እንዲህ የተጠመዘዘ ሰው ሳይወድ በግዱ ማረኝ ይላል።"

"አይልም።"

"ይላል እንጂ።"

"የማታውቀውን አትናገር" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ይህቺ ቃል ደሜን አፈላችው። "ና እንግዲያው አሳየኝ" አልኩት። ፈገግ ብሎ ምንጣፉ ላይ ተኛልኝ። ታክሲ ነጂው ዳኛ ሆነ። ጉልበቴን ጀርባው ላይ ተክዬ ቀኝ ክንዱን ወደ ላይ ገፋሁት። "ማረኝ በልና እለቅሃለሁ።" ዝም። ጨመርኩ። "አንዲት ቃል ናት፤ በላትና እለቅሃለሁ።" ዝም። ፊቱን አየሁት፤ ዓይኑ ፈጥጦ ግድግዳው ላይ ተተክሏል፤ እዚያ ቤት ያለ አይመስልም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ ያኔ መልቀቅ ነበረብኝ። እልህ ይዞኛል። ታክሲ ነጂው "ተው፣ ተው አንተ ሰው" እያለ ሙሉ ክብደቴን ጣልኩበት። ትከሻው ጓ አለ። የዶሮ ብልት ከመጋጠሚያው ሲላቀቅ የሚሰማ ድምፅ ነበር። እሱ አልጮኸም። የጮኽኩት እኔ ነኝ።

ሐኪሙ ትከሻው ዱሮም የተጎዳ ነው፣ ከእንግዲህ ከባድ ነገር አያነሳም አለ። የሻንጣው ሥራ በዚያው ቀረ። ቤት ውስጥም ሦስት ሳምንት ሙሉ ከ"ደህና አደርክ" ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። በዚህ አገር ወንድሜ ያልኩት እሱን ብቻ ነበር፤ ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። ታክሲ ነጂው አዘነልኝና ላንግሊ ፓርክ የሚኖሩትን የቸርቻችንን ሽማግሌ ኮል አደረጋቸው።

መጥተው መሀላችን ተቀመጡ። ጓደኛዬ እግር ላይ ወደቅኩ። "ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል" ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩና "አንተስ ልጄ፣ ማረኝ ብትለው ምን ነበረበት?" አሉት።

"ጋሼ፣ እነዚያም እንደዚሁ ነበር የሚሉኝ" አላቸው። "ይኼንኑ ክንዴን ይዘው፣ 'አንድ ስም ጥራና እንለቅሃለን።' እሱም እንደዚያ ሲለኝ ቤቴ መሆኔን ረሳሁት። አፌ አልከፈት አለኝ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። "ይቅር በለው" አሉት። "ስለ እግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብዬዋለሁ" አለና ጉንጬን ሳመኝ።

እርቅ ያለ ማዕድ አይጸናምና፣ ታክሲ ነጂው ከቤቱ ያመጣውን ምግብ በአንድ ትሪ አቀረበ። የጓደኛዬ ቀኝ እጅ በፋሻ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። "በል አንተ አጉርሰው" አሉኝ ሽማግሌው። በደንብ ጠቅልዬ ወደ አፉ ዘረጋሁ። ጉርሻውን ሳይሆን እጄን አየ። "ስለ እኔ ብለህ" አሉት። ከንፈሩ እንደ ገጠመ ቀረ። ወጡ በጣቶቼ መሀል ወደ አንጓዬ ወረደ፤ እጄን ግን አላጠፍኩም።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ" አለኝ በትሕትና። ትሪው ገና አልተነካም ነበር።