በነሐሴ ያየነው ባሕር

ባለቤቴ ባሕር ለማየት የተመኘችው ገና ጅጅጋ ሳንመጣ ነው። የደጋ ልጅ ናት፤ ስታድግ የምታውቀው ትልቁ ውሃ ከቤታቸው ጀርባ የሚያልፈው ወንዝ ነበር። እኔ ጅጅጋ ተመድቤ ጂኦግራፊ ማስተማር ስጀምር፣ እሷም ገበያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታ የልብስ ስፌት መኪናዋን ተከለች። አንድ ቀን የተቀደደ የክፍል ካርታ ጠርዙን በጨርቅ እንድትሰፋልኝ ወሰድኩላት። ጣቷን ጅጅጋ ላይ አድርጋ ወደ ላይ ገፋችውና ሰማያዊው ላይ ስትደርስ ቆመች። ይህን ያህል ቅርብ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በሶማሌላንድ በኩል በርበራ ሩቅ አይደለም፣ የሚመጣው ክረምት እንሄዳለን አልኳት።

የሚመጣው ክረምት ስድስት ዓመት ፈጀ። አንዱን ዓመት ቤት ቀየርን፣ አንዱን ዓመት አባቷ አረፉ፣ የቀሩትን እኔው ሰነፍኩ። ሞባይል ጅጅጋ የገባ ሰሞን ሌላ ካርታ ይዤ ሄድኩ። ከዚህ በኋላ ካርታ አልሰፋልህም አለችኝ። ቀልድ ቢመስልም ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ደንግጬ ዕቅድ ማውጣት ጀመርኩ።

እኔ ዕቅድ ሳወጣ ለሚያየኝ ሰው አስቂኝ ነኝ። ለዚሁ ጉዳይ አዲስ ደብተር ገዛሁ። የሚኒባሱን መነሻ፣ የድንበሩን ወረቀት፣ ሐርጌሳ የምናድርበትን ማረፊያ፣ ሁሉን በሰዓት በሰዓቱ ጻፍኩ። "ሦስተኛ ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት፣ ዋና" የሚል መስመርም ነበረበት። ሁለታችንም ዋና አንችልም።

እሷ ደግሞ ቀሚስ ሰፋች። ከሳሳ ጥጥ የተሠራ የሎሚ ቀለም ቀሚስ ነው፤ እጅጌው ነፋስ እንዲያስገባ ሰፊ፣ ርዝመቱ የሰው አገር ወግ አክብሮ እስከ ቁርጭምጭሚት። ስሙ "የባሕሩ" ነበር። ልክ መሆኑን ለማየት እንኳ ከአንድ ጊዜ በላይ አልለበሰችውም፤ ተኩሳ ሻንጣ ውስጥ አስቀመጠችው።

የትምህርት ቤታችን የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ በርበራ ተወልደው ያደጉ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም በሶማሊኛው "አዴር" እንላቸዋለን፤ አጎቴ እንደማለት ነው። ልሞካሽ ብዬ ደብተሬን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡ፤ መልሰው አድርገውም አነበቡ።

"መምህር፣ በሐጋ በርበራ ቁራም አይቀርም" አሉኝ።

ሐጋ የሚሉት የእኛን ክረምት ነው። እኛ ጅጅጋ ላይ ጃኬት ደርበን ዝናብ ስናይ፣ እዚያ ታች ምድሩ ይጋያል። ከተራራው የሚወርድ ኸሪፍ የሚባል ነፋስ አሸዋውን አንሥቶ ባሕሩ ላይ ይደፋዋል። አቅም ያለው ሰው ሁሉ ቤቱን ቆልፎ ወደ ደጋው ይወጣል፤ እሳቸውንም በልጅነታቸው እናታቸው በየዓመቱ ይዘዋቸው ይወጡ ነበር። በጥር ሂዱ፣ አንድ ሳምንት ይበቃችኋል፣ በጥር ባሕሩ የተዘረጋ ሐር ነው አሉኝ።

በጥር ለመሄድ ግን ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ፤ የሴሚስተሩ ዕረፍት የፈተና እርማት ጊዜ ነው። እኔ ደግሞ አማቼ ያረፉ ጊዜ ፈቃድ ጠይቄው ፊት ስለነሣኝ፣ ዳግመኛ ደጁን ላልረግጥ ምዬ ነበር። እልህ ይዞኝ ምክራቸውን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ሽማግሌ ነገር ያጋንናል ብዬም ራሴን አጽናናሁ።

ይባስ ብሎ ባለቤቴም ጠየቀችኝ። ደንበኞቿ ሙቀት ነው ይሉኛል፣ እውነት ነው ወይ አለችኝ። ከአዴር አፍ የሰማሁት ገና ሦስት ቀኑ ነበር። እኔ ግን ጠመኔ እንደያዘ ሰው ቆሜ፣ ባሕር ዳር ቀን ቀን ቀዝቃዛ አየር ከውሃው ወደ የብስ እንደሚነፍስ አስረዳኋት። በወረቀት ላይ ቀስት ሣልኩላት። "አንተ ካልክ" አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ስለ ሽማግሌው አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

በነሐሴ መጀመሪያ ተነሣን። እስከ ቶጎ ውጫሌ በሚኒባስ ኮረኮንቹን ተንገጫግጨን ሄድን፤ ድንበሩን ሻንጣ ተሸክመን በእግር ተሻገርን። ወዲያ ማዶ መሪያቸው በስተቀኝ የሆነ ከዓረብ አገር የመጡ አሮጌ መኪኖች ተደርድረዋል፤ የሚነዱት ግን እንደኛው በቀኝ ነው። ሾፌሩ ለመቅደም ሲፈልግ ከፊት ያለውን ስለማያይ በግራ የተቀመጠውን ተሳፋሪ ይጠይቃል። የተቀመጠችው ባለቤቴ ነበረች። በሁለት ሰዓት ውስጥ "ሂድ" እና "ቁም" የሚሉትን በሶማሊኛ እንደ ረዳት ስትጮህ ሐርጌሳ ገባን። እንደዚያን ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ የመንገዱ ደግ ነገር እዚያው አለቀ።

በማግስቱ ወደ በርበራ የሚወርደው መኪና ሞልቶ ለመነሣት ግማሽ ቀን ፈጀ፤ የሚወርድ ሰው የለማ። ሽቅብ የሚመጡት ግን ፍራሽና ፍየል ሳይቀር ጭነዋል። ባለቤቴ ይሄ ሁሉ ሰው ወዴት ነው አለችኝ። ገበያ ይሆናል አልኳት።

በርበራ ስንደርስ ከመኪናው መውረድ ምድጃ መክፈት ነበር። መንገዱ ጭር ብሏል፤ በሩ ሁሉ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ታክሲ ፈለግን፣ የለም። ባሕሩ ዳር ያለው መዋኛ ከከተማው ወጣ ስለሚል በእግር አይሞከርም። የማረፊያው ዘበኛ ሾፌሮቹ ሁሉ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ተራራ መውጣታቸውን በምልክት አስረዳን። ሁለት ቀን ክፍላችን ውስጥ ነጠላ በውሃ እየነከርን ስንሸፋፈን ዋልን። ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ አሸዋ ያስገባል፤ ረፋድ ላይ ጋብ ሲል ደግሞ ፀሐዩ አያስወጣም። ደብተሬን ከሻንጣው አላወጣሁም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃ የሚያመላልስ ፒካፕ አገኘን። ባለ መኪናው በአገሩ ጦርነት ጊዜ ጅጅጋ አጠገብ በስደተኛ ጣቢያ ልጅነቱን ያሳለፈ ሰው ነው፤ አማርኛ ይችላል። ባለቤቴ የባሕሩን ቀሚስ ለብሳ ጋቢና ተቀመጠች። እኔ ከኋላ በበርሜሎቹ መሀል ሆኜ፣ በተሰበረው የኋላ መስታወት በኩል የሚሉትን እሰማ ነበር። ባልሽ ሥራው ምንድን ነው አላት። አስተማሪ ነው አለችው።

"ምን ያስተምራል?"

"ሒሳብ" አለችው።

ስለ እኔ አፍራ እንዳልሆነ ገባኝ። ጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ በሐጋ በመምጣቴ እኔ እንዳላፍር ነው። ያን ጊዜ መኪናውን አስቁሜ ሁሉን ብነግራት ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። በርሜሉን ይዤ ተቀመጥኩ።

ባሕሩ ዳር ስንወርድ ነፋሱ ከኋላችን ገፈተረን። አሸዋው እግራችንን እንደ መርፌ ይወጋል። ፊት ለፊታችን ያለው አቧራ ነው፤ ከአቧራው ሥር ጥቂት ክንድ የሚሆን ድፍርስ ውሃ ይታያል። ጫማዋን አውልቃ ገባች። ውሃው ለብ ያለ የእግር መታጠቢያ ነበር። ዓይኗን መግለጥ ስላልቻለች በመዳፏ ከልላ በጣቶቿ መሀል ልታይ ሞከረች።

"ይሄ ነው?" አለችኝ።

"ባሕር ነው፤ ምን ጠብቀሽ ነበር?" ብዬ ጮህኩባት።

ጥፋተኛ ሰው ቀድሞ ይቆጣል፤ ይህ የእኔ አመል ነው። ወዲያው ነስር ጣላትና ደሙ የቀሚሱ ደረት ላይ ተንጠባጠበ። ባለ መኪናው ሮጦ መጥቶ ደግፎ ጋቢና አስገባት፤ በሐጋ ማን ላካችሁ ሲል አማርኛው ውስጥ ቁጣ ነበረበት። ባሕሩን ያየነው ከዚህ አይበልጥም፤ በዚያው ቀን ሽቅብ ከሚወጡት ጋር ተጭነን ተመለስን።

ጅጅጋ ጎረቤት ሁሉ እንዴት ነበር እያለ መጣ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ። እሱ ምን ያድርግ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ካልሄድን ብዬ ያጣደፍኩት እኔ ነኝ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አለቻቸው። ሰውም በእሷ ሳቀ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። ከተበደልኩት ይልቅ የበደልኩት አይረሳኝም፤ ያቺ ፈገግታ ከበደሎቼ አንዷ ናት። አዴር ትምህርት ቤት ሲከፈት የተላጠ አፍንጫዬን አይተው ጠመኔ ቆጥረው ሰጡኝ እንጂ ስለ መንገዱ አልጠየቁኝም።

ቀሚሱን በሎሚና በሳሙና አጥባ ደሙን አስለቀቀችው። ተኩሳም ሻንጣው ውስጥ መለሰችው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሻንጣው ሲከፈት አየዋለሁ፤ ከዓመት ዓመት የናፍታሊኑን እንክብል ትለውጥለት ነበር። አንድም ቀን እንሂድ አላለችኝም። ቀሚሱ ግን ይጠብቅ ነበር።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ለአስተማሪዎች ሥልጠና ሐርጌሳ ተላክሁ። ወሩ ጥር ነው። በመጨረሻው ቀን አዘጋጆቹ በአውቶቡስ በርበራ ወሰዱን። የወረድኩት እዚያው ቦታ ነው፤ የመኪናውን መቆሚያ አውቄዋለሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ውሃው እስከ ዓይን መጨረሻ ሰማያዊ ነው፣ ዳሩ ላይ ግን እንደ ብርጭቆ ነው፣ የእግር ጣት ያስቆጥራል። ከነልብሳቸው ውሃ ውስጥ የተቀመጡ ሴቶች ይስቃሉ። አዴር ምንም አላጋነኑም። እኔ ሱሪዬን ጠቅልዬ እስከ ጉልበቴ ገባሁና እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ባልደረቦቼ ጨው ዓይኔ የገባ መሰላቸው።

ወደ ጅጅጋ በተዘረጋው አዲሱ አስፋልት ላይ ስመለስ የምለውን አዘጋጀሁ። የሽማግሌውን ምክር፣ የርዕሰ መምህሩን እልህ፣ ቀስቱን፣ ሁሉንም እነግራታለሁ። ከዚያ ለሚመጣው ጥር እንሄዳለን። ይህን እየደጋገምኩ ቤት ገባሁ።

ወደ ቤት ባመጣችው የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ጨርቁን ሳትለቅ ቀና አለች።

"በርበራ ወሰዷችሁ አሉ። ባሕሩ እንዴት ነው?"

አሁን ቆንጆ ነው ብላት፣ ታዲያ ያን ጊዜ በነሐሴ የወሰደኝ ማነው ማለቷ አይቀርም።

"ያው ነው" አልኳት። "አቧራ ነው።"

"በጥርም?"

"በጥርም።"

ራሷን ነቀነቀች። እኔ እኮ አቧራው የክረምቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ እንኳንም ደግሜ አላስቸገርኩህ አለችኝ። ራት አቀረበች፤ ስለ ሥልጠናው ጠየቀችኝ፣ አወራን።

በዚያው ሳምንት ከሥራ ስገባ ሻንጣው ተከፍቷል። የሎሚው ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ መቀሱ ከጫፉ እስከ አንገቱ አልፎበታል። ጨርቁ ደህና ነው፣ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ብላ ነው። ሁለት የትራስ ልብስ ወጣው። አንዱ የእኔ ነው።